አዝኜለት ነው

ኅዳር 5 ቀን 1970፣ ሰኞ

ጠመኔ አለቀ። ዳይሬክተሩ የቀረችዋን ለሁለት ሰብሮ ግማሿን ለእኔ፣ ግማሿን ለሒሳብ አስተማሪው ሰጠ። አምስተኛ ክፍልን ስጨርስ በጥፍሬ ሰሌዳውን እየጫርኩ ነበር።

ከሰዓት ኑርሁሴን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዛሬም ሲያወራ ዓይኑ ከሰው ኮሌታ ላይ አይነሳም። «ጋሽ ባዬ፣ የእጅ ጽሑፍህ እንደ ማተሚያ ነው። ዓርብ ሰልፍ አለ፤ መፈክር ጻፍልን» አለኝ። ጻፍኩ። አራት ጨርቅ ሙሉ። ቀይ ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሏል።

ባለቤቴን ስህንን ጥርሷን አሟታል። ሐይቁ ላይ ከትናንት ጀምሮ ነፋስ አለ። ሌላ ምንም የለም... በዚህ ዘመን ምንም የሌለበት ቀን ማግኘትስ ቀላል ነው?

ኅዳር 9፣ ዓርብ

የዛሬውን ልጻፈው።

ሰልፍ አልሄድኩም። ወባዬ ተነሳብኝ። ስህን ለኑርሁሴን ነገረችልኝና ፈቀደ። ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ነው። የድምፅ ማጉያው እስከ ቤት ይሰማል። ስድስት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። በዝግታ።

«ባዬ። እኔ ነኝ። አሊ።»

አሊ... ሦስት ዓመት አብረን አስተምረናል። እሱ ሳይንስ፣ እኔ አማርኛ። ምሳ ከአንድ ዕቃ በልተናል። ባለፈው ሰኔ ጠፋ። መስከረም ላይ ስሙ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «አናርኪስት። ያየ ይጠቁም። የደበቀ አብሮ ይጠየቃል።»

«ባዬ፣ እግሬን ተመትቻለሁ። ውሃ ብቻ ስጠኝ።»

ከበሩ ጀርባ ቆሜያለሁ። በእኔና በእሱ መካከል ጣውላው ብቻ ነው። ትንፋሹን እሰማለሁ። የእኔን ሰምቶት ይሆን? እውነቱን ልጻፍ፤ እጄን መወርወሪያው ላይ አሳርፌ ነበር። ከዚያ አነሳሁት።

ጥቂት ቆየ። አንድ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ሰማሁት። ወደ ሐይቁ በኩል።

ደጃፉ ላይ ሁለት የደም ነጠብጣብ ነበር። አመድ በተንኩበት። ስህን ስትመለስ «አመዱን ማን እዚህ ደፋው?» አለች። ጉንዳን ነበር አልኳት።

ኅዳር 10

ቀኑን ሙሉ አዘንኩ። ምን ይጠቅመዋል?

ኅዳር 14፣ ረቡዕ

ምንም አልተሰማም። ተያዘም ሞተም የሚል የለም። ትናንት ከትምህርት በኋላ ሐይቁ ዳር ለዳር ሄድኩ፤ ዓሣ የሚገዛ ሰው መስዬ። ምን ልፈልግ ነበር? ባገኘውስ ምን ልለው?

ሰው አይቶት ከሆነስ? እኔ ደጃፍ ቆሞ ያየው ካለ? አለመክፈቴ አያድነኝም፤ አልጠቆምኩም። አሊ ዘንድ ፈሪ ነኝ፣ ቀበሌ ዘንድ ወንጀለኛ ነኝ። ከሁለቱም ጎደልኩ።

ስህን «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ወባው ነው አልኩ። ወባው ከለቀቀኝ አራት ቀኑ ነው።

ኅዳር 19፣ ሰኞ

ዘይቱናን ያዟት።

ዘይቱና ሐይቁ ዳር ሽንብራና ምስር የምትዘራ መበለት ናት። አንድ ልጇ ሐሰን ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ነሐሴ ላይ ምሥራቅ ግንባር ወደቀ። መርዶውን የነገራት ኑርሁሴን ራሱ ነው። «የጀግና እናት አታለቅስም» ብሎ በደብዳቤ ጭምር። እውነትም ለቅሶ አልተቀመጠችም። አላስቀመጧትም።

አሊን ጎጆዋ ውስጥ ስምንት ቀን አስቀምጣው ኖሯል። ጠባቂዎቹ ሲደርሱ እሱ የለም። የቁስል ጨርቅ አጥባ አስጥታ ነበር፤ እሱ ነው ያስያዛት።

ኑርሁሴን ዕረፍት ሰዓት ላይ አስጠራኝ። «የቀበሌው ጸሐፊ ታሟል። ከደሴ መርማሪ መጥቷል። ነገ ቃሏን አንተ ትጽፋለህ።» እምቢ ይባላል? ኮሌታዬን እያየ ነበር።

ስምንት ቀን... ስምንት ቀን አብሯት የቆየ ሰው ምን የማይነግራት አለ? መጀመሪያ ማን ጋ እንደሄደ ነግሯት ይሆን?

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

መርማሪው ወጣት ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ዘይቱናን አስገቧት። ነጠላዋን ቀምተዋታል፤ ሻሿን ብቻ አስራለች። ለሁላችንም «እንዴት ዋላችሁ» አለች። ኑርሁሴን ብቻ «አልሐምዱሊላህ» አላት፤ ወዲያው ወደ መርማሪው አየ።

«ሰውዬውን ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም። ሽንብራዬ መሃል ወድቆ አገኘሁት።»

«ምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። ‹እትዬ፣ እኔን ማስጠጋት ያስገድላል፣ ውሃ ስጪኝና ልሂድ› አለኝ።»

መርማሪው ቀና አለ። እንዲህ ትላለች ብሎ አልጠበቀም። እኔም አልጠበቅሁም።

«እያወቅሽ ነው ያስገባሽው?»

«እያወቅሁ።»

«ለምን?»

«አዝኜለት ነው።»

«ማን አዘዘሽ ነው የምልሽ።»

«ማን ያዘኛል? አዝኜለት ነው።»

«የሰማዕት እናት ነሽ። ልጅሽን ጠላት ገድሎት፣ አንቺ ለጠላት ታዝኛለሽ?»

ድምፅዋ ያኔ ተሰበረ። «ልጄ ሲወድቅ አጠገቡ ሰው ነበር ይሆን? ውሃ የያዘ ሰው ነበር ይሆን? ይኸን ነው የማስበው እኔ፣ አረም ስጎለጉልም፣ ስሰግድም። ወዳጁም ይሁን ጠላቱ፣ ያየው ሰው አዝኖለት ከሆነ ብዬ... ያን ልጅ ሳየው አልፌው ልሄድ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ወላሂ፣ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

እንዳለችው ጻፍኩ። ቃል በቃል።

ከዚያ መጣ የፈራሁት። «ከተማውን አቋርጦ ነው አንቺ ጋ የደረሰው። ካንቺ በፊት የማንን በር አንኳኳ?»

ብዕሬ ቆመ። ዘይቱና ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ወደ እኔ ነው ወይስ ከኋላዬ ወዳለው መስኮት? ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲል አየሁት።

«አልነገረኝም» አለች።

አልነገረኝም ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ጽፌው ኖሮ አንዱን ሰረዝኩ።

«አሁንስ የት ሄደ?»

«አላህ ያውቃል።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክረው አሳተሟት። ስትወጣ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። አሁን ይኸን ስጽፍ... አውቃ ነው? ሳታውቅ ነው?

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

መርማሪው ያሰፈርኩትን ቃል አነበበ። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«‹አዝኜለት ነው› የሚለውን አውጣ። ‹ሆን ብዬ ተባብሬው› በል። ገልብጠህ አምጣ።»

«ጣቷን ያተመችበት ነው» አልኩ።

«እንደገና ታትማለች። ማንበብ አትችልም።»

ይኼን የምጽፈው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ጎበዝ እንዳልሆንኩ በሩ ያውቃል። ግን አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት ያላለችውን በእኔ እጅ ጽሑፍ... «ከአፏ አልወጣም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ፈገግ አለ። «ልዩነቱ ምንድነው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«የቋንቋ ሰው ነህ አሉኝ። ‹ተባብሬው› ካለች ውሳኔው የታወቀ ነው። ‹አዝኜለት› ካለችስ? ቃሉ ከየት መጣ? ምን ማለት ነው? ለጠላት ማዘን ከጠላት ጋር ከመተባበር በምን ይለያል? በጽሑፍ አስረዳ። ቅዳሜ የሕዝብ ስብሰባ አለ፤ አንተው ታነበዋለህ። ከሥሩ ትፈርማለህ።»

ገባኝ። ማዘን መተባበር ነው ብዬ ብጽፍ እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ። አይደለም ብዬ ብጽፍ የጠላት ጠበቃ ነኝ።

ኑርሁሴን እስከ በር ሸኘኝ። «ምን ነበር ዝም ብለህ ብትገለብጥለት?» አለኝ በሹክሹክታ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እሱም እኮ ይፈራል።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ

ልጅ ሳለሁ ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ሦስት ዓመት ግዕዝ ተምሬያለሁ። ዜማው ጠፍቶኛል፣ ግሱ አልጠፋኝም። ሐዘነ፣ ተከዘ። ልቡ ተሰበረ። እስከማውቀው ይኸው ነው። ሰው ለሰው ሲራራ ግን ምሕረት አለ፣ ርኅራኄ አለ። ሌላ ቃል፣ ሌላ ሥር።

ታዲያ አማርኛችን ከየት አመጣው? «አዘነ» ስንል ያለቅሳል። «አዘነለት» ስንል ያጎርሳል። አንድ ቃል እኮ ነው!

ከትምህርት በኋላ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ ወጣሁ። ላይኛው ሰፈር ቁርአን የሚያቀሩት ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ለትምህርት ቤት ነው ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። ከመቀመጤ ግን «ስለ ዘይቱና ነው የመጣኸው» አሉኝ።

«በዐረብኛው እንዴት ነው ሸሁ?»

«ሑዝን ትካዜ ነው። ነቢ የዕቁብ በልጃቸው በዩሱፍ ዓይናቸው እስኪጠፋ ያለቀሱት፣ እሱ ሑዝን ነው። ራሕማ ሌላ ነው። ራሕማ ከሴት ማኅፀን ስም ጋር አንድ ሥር ነው ይላሉ ዓሊሞቹ። እናት በሆዷ ላለው የምታደርገው።»

«በግዕዝም ሁለቱ ለየብቻ ናቸው» አልኳቸው። «ታዲያ ማን አጋባቸው?»

ሸሁ ሳቁ። ጥርስ የላቸውም። «እኛ ነን እንጂ! እኛ ጋ ሰው ለሰው ማዘንን የተማረ ከመጽሐፍ ነው እንዴ? ልቅሶ ቤት ነው። የአንተ ሰው ሞቶ ጎረቤትህ ውሃ ሲያቀብልህ፣ የእሱም ሲሞት አንተ ስታቀብለው። ልቡ ተሰብሮ የማያውቅ ሰው ሲያዝንልህ አይተህ ታውቃለህ?»

ደግሞም፣ «እኛ ስናቀራ የአላህ እዝነት እንላለን። አላህ እኮ አይተክዝም፤ ሐዘን አያገኘውም። ግን ሌላ ቃል አጣንለት። የምናውቀው ደግነት ሁሉ ከሐዘን በኩል ነው የመጣልን» አሉ።

ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ልጄ ባዬ፣ ያ ሰውዬ ይኸን ሰምቶ ላይመለስ ይችላል። አንተ ግን ጻፈው። አብሽር።»

ኅዳር 23፣ ዓርብ

ሁለት ጻፍኩ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

አንደኛው አጭር ነው። «ማዘን ማለት በስሜት መደገፍ ማለት ነው። ስለዚህ...» አምስት መስመር። ራሱን የጻፈ ይመስላል፤ ቅልል ያለ። ሁለተኛው ሁለት ገጽ ነው።

ጠዋት ስህን አንደኛውን አነበበች። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ቀስ ብላ ነው የምታነብ። ስትጨርስ «ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?» አለች። ያኔ ስለ አሊ ነገርኳት። ስለ በሩ። ስለ አመዱ።

«ለእኔ እንኳ?» አለች። «አሊ እኮ የሠርጋችን ሚዜ ነው... ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አላውቅም» አለች። «እከፍትለት እንደነበርም አላውቅም። ግን ብቻህን አትሆንም ነበር።»

ሁለቱንም ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ነገ የትኛው እጄ ቀድሞ ይገባ ይሆን?

ኅዳር 30፣ ዓርብ

መጋዘን ውስጥ ነው የምጽፈው። የቀበሌው እህል ማከማቻ ነበር፤ አሁን ሰባት ሰው ታጉረንበታል። ወረቀት አለኝ፣ ምክንያቱም የቀበሌው ጸሐፊ እስካሁን አልተነሳም፤ የነዋሪ ስም ዝርዝር እንድገለብጥ ደብተር ሰጥተውኛል። አስረውኝም ያጽፉኛል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጽፍም። ግራ እጄ አልጨበጥ ብሏል። ቀኙን አልነኩትም፤ ለጽሑፍ ይፈለጋል።

የቅዳሜውን ልጻፍ።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ዘይቱናን ፊት ለፊት በርጩማ ላይ አስቀምጠዋታል። ኑርሁሴን ቃሏን ቀድሞ አነበበ፤ «አዝኜለት ነው» ላይ ሲደርስ ተንተባተበ። ከዚያ «አስተማሪው ያስረዳል» ተባለ። ቆምኩ። ረጅሙን አወጣሁ።

በግዕዝ እንዲህ ነው፣ በዐረብኛ እንዲህ ነው አልኩ። በሁለቱም ሐዘንና ምሕረት ለየብቻ እንደሆኑ፣ በእኛ አፍ ግን አንድ እንደሆኑ። «አዘነ ሲባል ልቡ ተሰበረ ማለት ነው። አዘነለት ሲባል ግን ልቡ መሰበሩ ለሌላ ሰው ጠቀመ ማለት ነው። ያዘነለት ሰው የወደቀውን ሰው ሐሳብ አይጠይቅም፤ ቁስሉን ነው የሚያይ። መተባበር ግን ሐሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

መርማሪው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ጓድ አስተማሪ፣ ይኼ ለሕዝቡ ከባድ ነው። ምሳሌ ስጥ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ሊያላግጥብኝ፣ ወይ ሊያደናግረኝ ነበር የፈለገው።

አላሰብኩበትም ነበር። ወረቀቱ ላይም የለም። «ምሳሌ አለኝ» አልኩ።

«ኅዳር ዘጠኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እናንተ እዚህ ሜዳ ላይ ሳላችሁ፣ አሊ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቤት ነው። ውሃ ለመነኝ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁት። አልከፈትኩም። በማግስቱ አዘንኩ። ቀኑን ሙሉ አዘንኩ። አዘንኩ እንጂ አላዘንኩለትም። እትዬ ዘይቱና ግን አዘነችለት። ልዩነቱ ይኼ ነው። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።»

ሳቁ ቆመ። ሜዳ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ... እንዴት እንደምጽፈው እንጃ፣ ሜዳው በሙሉ ከንፈር መጠጠ። ይኼ ወንጀል አይደለም፤ ማንን ብለህ ትይዛለህ?

«ያዙት» አለ መርማሪው። ክንዴን የያዘው ኑርሁሴን ነው። ቀስ ብሎ ነው የያዘኝ።

ዘይቱና አላየችኝም። መሬቱን ነበር የምታይ።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

ሁለት ሰው ወሰዱ፤ ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ። ከእኛ ከታሰርነው መካከል። መኪናው ወደ ደሴ መንገድ ዞረ። ስማቸውን ከዝርዝሩ እንድሰርዝ አዘዙኝ። አልሰረዝኩም፤ ቀለሙ አልቋል አልኩ። ነገ ቀለም ያመጣሉ።

ታኅሣሥ 8

ቀለም አመጡ።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

ስህን ምሳ ይዛ መጣች። እንዲያናግሩን ፈቀዱ፤ ጠባቂው መሃል ቆሞ። ከስታለች። «ዘይቱና ተፈታች» አለችኝ፤ ስለ ዱቄት የምታወራ መስላ።

ሸህ ዘይኑልአቢዲንና አራት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ከእስላሙ ሁለቱ ከክርስቲያኑ፣ በእሷ ቦታ እንታሰር ብለው ቀበሌው በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ቃሏ እንዳለ ወደ ደሴ ተልኳል። ከላይ የመጣው መልስ «የሰማዕት እናት ናት፣ በማስጠንቀቂያ ትለቀቅ» ይላል። በየሳምንቱ እየመጣች ትፈርማለች። ጣቷን ማለቴ ነው።

«አንተስ?» አለች ስህን።

ስለ እኔ የመጣ መልስ የለም። አልጠቆመም የሚለው ወንጀል ቀላል አይደለም አሉ።

ምሳ ዕቃውን ስትቀበለኝ ግራ እጄን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጠባቂው እንዳያያት ዞረች።

ጥር 11፣ ሐሙስ

ጥምቀት ነው። ከበሮው ከሐይቁ በኩል ይሰማል። መርማሪው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ አሉ። ለማን ልዘን ይሆን? እዚያ ላሉት።

ኑርሁሴን በሩን ከፍቶ ገባ። ብቻውን። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ እያየው ቆመ። «አውልቀው፣ ልስፋልህ» አለኝ። አውልቄ ሰጠሁት። ጋቢ ለብሼ ጠበቅሁ። ከሰዓት አመጣልኝ። ስፌቱ የት እንደሆነ አይታወቅም።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ተፈታሁ።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ተኛሁ። ማስተማር ተከልክያለሁ። ደብዳቤውን የሰጠኝ ኑርሁሴን ነው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ የእጄ ጽሑፍ አያምርም፣ ይቅርታ ጋሽ ባዬ» አለ። ይቅርታው ስለ ጽሑፉ ይሁን ስለ ሌላው አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ጠዋት ዘይቱና ዘንድ ሄድኩ። ሽንብራ እየነቀለች ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ድንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ተኩል ሳሰናዳው የነበረውን ንግግር ጀመርኩ።

«እትዬ ዘይቱና፣ ይቅር በይኝ። በስብሰባው የተናገርኩት... መጀመሪያ እኔ ጋ...»

«ነግሮኛል» አለች።

ቀና አላለችም። መንቀሏን አልተወችም።

«መቼ ነገረሽ?»

«ገና የመጣ ዕለት። ‹ከበሩ ጀርባ ነበር፣ ትንፋሹን ሰምቻለሁ› አለኝ። አልተቆጣም። ጥማት ነበር ያሸነፈው።»

«ያን ቀን ታዲያ፣ መርማሪው ሲጠይቅሽ... ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስሜን ብትጠሪ ይለቁሽ ነበር። ቢያንስ ይቀልልሽ ነበር።»

እጇን አራገፈች። ያኔ ነው ያየችኝ። «ብዕር ይዘህ ላብህ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሐሰን የዘመተ ለት ጠዋት እንዲያ ነበር የሚንቀጠቀጥ፤ ማንም አያየኝም ብሎ ከበረቱ ጀርባ ቆሞ። እኔ አየሁት። ምንም ሳልለው ቀረሁ። ብለው ይሻል ነበር፣ ሳልለው ቀረሁ... እና አንተን ደሞ እንዲያ እያየሁህ፣ ይኸው ነው ብዬ ልስጥህ?»

አሊ የት እንደደረሰ ጠየቅሁ። አታውቅም። እግሩ ሽሮ ነበር፣ በአምባሰል ተራራ በኩል ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል አለች። ለእኔ ያለው መልእክት እንዳለ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

«እጅህን ምን አደረጉህ?» አለች።

አሳየኋት። አገላብጣ አየችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ አጠፈቻቸው። አመመኝ። «ይሽራል። ይለምዳል» አለች። «ሽንብራ በአንድ እጅም ይነቀላል። ተነስ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነቀልን። እየነቀልን ስለ ሐሰን ታወራ ጀመር። ዓሣ ሲያጠምድ ድምፅ አውጥቶ ይዘፍን እንደነበር፤ ዓሣው በዘፈን ይሸሻል ብትለው «ዜማው አምባሰል ከሆነ አይሸሽም» እንዳላት። እሱ የወደደውን፣ የጠላውን፣ የበላውን። ጉም ውስጥ ጠፍቶ ያደረባትን ቀን። መካከል ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ በድምፅ፣ ደረቷን እየመታች። ከነሐሴ ጀምሮ ታፍኖ የኖረ ለቅሶ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። ከማዶ የሚነቅሉ ሁለት ሴቶች ሰምተው ሥራቸውን ጥለው መጡ። ከዚያ ሌሎችም። ማንም «የጀግና እናት» አላላትም።

ለቅሶው ነገም ይቀጥላል። ስህን ንፍሮ እየቀቀለች ነው።